የጀልባዬ ትራንሰም በስብሷል፤ የሚፈሰውን ልሞክር ወይስ ፕላይውድ?

ከዉድብሪጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ኦኮኳን ወንዝ ላይ ዓሣ የማጠምድባት ባለ 17 ጫማ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ። የሞተሩን እግር ስጫነው ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰሙ ማለቴ ነው፣ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በመዶሻ ሳንኳኳው ላይ ላዩ ደህና ነው፣ ታች ግን እንደ እርጥብ ካርቶን ድፍን ይላል። በቀጭን መሰርሰሪያ ስበሳው የወጣው ጥቁር ጭቃ ነው። ሽታውን ተዉት። ባለሙያ የጠየቀኝ ዋጋ ከጀልባዋ ዋጋ ይበልጣል። የውስጥ ሽፋኗ አንድ ወጥ ስለሆነ ሳልሰብረው አልገባም። እንደ ሲካስት ያለ፣ በባልዲ በጥብጠው በበሰበሰው እንጨት ቦታ የሚያፈሱትንና እዚያው የሚጠነክረውን ፈሳሽ የሞከረ አለ?

አናጢው፦
ሽፋኑ መንገድ ከዘጋብህ ማፍሰሱ ያዋጣሃል። ግን ዋናው ሥራ ማፍሰሱ እንዳይመስልህ፤ እንጨቱን ማውጣቱ ነው። መጀመሪያ የትራንሰሙን ውፍረት ለካና ጻፈው። ሞተሩን አውርድ፣ የላይኛውን የአሉሚኒየም ክፈፍ ንቀል፣ ከዚያ በሁለቱ የፋይበርግላስ ቆዳዎች መሃል ያለውን እንጨት በሰንሰለት መጋዝ ከላይ ወደ ታች ቆርጠህ አውጣ። ቆዳዎቹን እንዳትነካ! ጥጉ ላይ የቀረውን በረጅም መሮ። እርጥብ እንጨት ትተህ ብታፈስበት ያፈሰስከው ገንዘብህን ነው። ቆዳዎቹን ከውስጥ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ፋቃቸው፤ እጅህ ስለማይደርስ ወረቀቱን ዘንግ ጫፍ ላይ እሰረው። አድርቀህ በአሴቶን ጥረግ።

የውሃ ማስወጫውን ቀዳዳ ሳትደፍን እንዳትጀምር። ፈሳሹ ከባድ ነው፣ ቆዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋል። በውስጥም በውጭም ቀጥ ያለ ጣውላ በፕላስቲክ ጠቅልለህ በክላምፕ አጥብቅ። አለዚያ ሆድ ያወጣና ከደረቀ በኋላ መመለሻ የለውም።

ኤፖክሲ ይሻላል፦
እኔ በበኩሌ ማፍሰስ አልወድም፣ ውድ ነው። የውጭውን ቆዳ ቆርጠህ የመርከብ ፕላይውድ በኤፖክሲ መለጠፍ ትችላለህ። ቀለሙን መልሶ ማስተካከሉ ግን ጣጣ አለው። ለማንኛውም ከወለሉ ሥር በቁመት የሚሄዱትን ስትሪንገሮች ሳታይ ምንም አትግዛ። እነሱም በስብሰው ከሆነ አዲሱ ትራንሰም ብቻውን አያድንህም።

ከዉድብሪጅ፦
ተባረኩ። ስትሪንገሮቹን በሳሁ፣ ደረቅ ነጭ እንጨት ነው የወጣው፣ ተመስገን። ስለዚህ ማፍሰሱን መረጥኩ። ጋራዥ ግን የለኝም፣ ግቢ ውስጥ ነው የምሠራው። ሌሊቱም እየቀዘቀዘ ነው።

አናጢው፦
ሞቅ ያለ ቀን ጠብቅ። ብርዱን ላካክስ ብለህ ማጠንከሪያውን በግምት እንዳትጨምር፣ ባልዲው ላይ ከተጻፈው አትውጣ። ድንኳን ከተከልክም የእሳት ማሞቂያ አታስገባ፤ ትነቱ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ማጠንከሪያው ዓይን ያጠፋል፣ መነጽርህን ሳታደርግ ክዳኑን አትክፈት። ጓደኛ ጥራ፤ አንዱ ሲበጠብጥ አንዱ ያፈሳል። በበጠበጥከው ባልዲ ላይ ቆመህ ወሬ የለም፣ እዚያው ግሎ ይደርቅብሃል።

ሞተሩን ስትመልስ ብሎኖቹን ሁሉ በጀልባ ማሸጊያ ቀባ። በቆዳዎቹ መሃል ያፈሰስከው አዲሱ ኮር ባይበሰብስም ውሃው በቀዳዳው ወደ ጀልባዋ ይገባል።