በላ ልበልሃ፦ ነጥቡ ዝቅ ያለ የሕግ ምሩቅ ለቃለ መጠይቅ ይጠራ ወይስ ከበር ይመለስ?

ደንገል፦
ለክርክሩ መነሻ የራሴን ጉዳይ ላቅርብ። በሕግ ከተመረቅሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። የመመረቂያ ነጥቤ 2.41 ነው። የመውጫ ፈተናውን ግን አልፌአለሁ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ እኔ 68 አገኘሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እዚህ ባሕር ዳር ከፍርድ ቤቱ አካባቢ ተነስቼ እስከ ፓፒረስ ሰፈር ድረስ የዘጠኝ ጠበቆችን ደጅ ጠናሁ። በስድስቱ ቢሮዎች ጸሐፊዎቹ ነጥቤን አይተው «ከ3.00 በታች አንቀበልም» ብለው ወረቀቴን መለሱልኝ። ሁለቱ እንደውላለን አሉ፣ አልደወሉም። አንዱ ዝግ ነበር።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ነጥብ ከሌሎች ነገሮች ጋር ይታይ፣ ብቻውን ግን በር መዝጊያ አይሁን። በፍትሐ ብሔር ተከሳሽ እንኳ መልስ እንዲሰጥ መጥሪያ ይደርሰዋል። እኔ ግን በሌለሁበት ተፈረደብኝ። በሌለሁበት እንዳልል ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እስኪ የሚቃወም ይከራከረኝ።

ጥቁር ካባ፦
ወንድሜ ደንገል፣ እኔ ከእነዚያ በር ዘጊዎች አንዱ ልሆን እችላለሁና መልሱን ከእኔ ስማ። በጥብቅና 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ረዳት ፈልጌ ማስታወቂያ ለጠፍሁ፤ በአራት ቀን 83 ማመልከቻ ገባ። ቢሮው ውስጥ ያለነው እኔና አንዲት ጸሐፊ ነን። ለእያንዳንዱ አመልካች 20 ደቂቃ ልስጥ ብል ከ27 ሰዓት በላይ ይወስድብኛል። የዚያን ሳምንት ችሎት ማን ይቁምልኝ?

ሰዎች «የጥብቅና ድርጅት» ሲሉ ፎቅ ሙሉ ሠራተኛና የሰው ኃይል ክፍል ያለው ቤት ይታያቸዋል። ጠበቆች በድርጅት ተቋቁመው እንዲሠሩ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው እኮ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። እኔ የማውቀው የባሕር ዳር ቢሮ ዛሬም አንድ ጠበቃ፣ አንዲት ጸሐፊና አንድ የመዝገብ መደርደሪያ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ማጣሪያ ያስፈልገዋል። 3.00 ፍጹም ነው አላልኩም፤ ጸሐፊዬ በግማሽ ደቂቃ ልታየው የምትችለው ነገር ግን እሱ ብቻ ነው።

ደንገል፦
ጋሼ፣ ማጣሪያው ለእርስዎ ጊዜ እንደሚቆጥብ አልክድም። ግን ሕጉ ራሱ ሰውን በሥራ የመፈተኛ ጊዜ ሰጥቶዎታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው። ያልሆነ ሰው ከሆንኩ ያሰናብቱኝ።

ጥቁር ካባ፦
60 ቀን አልክ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ማቅረቢያውም 60 ቀን ነው። አንድ ረዳት ቀኑን ከፍርዱ ዕለት መቁጠር ትቶ ግልባጩ ከወጣበት ዕለት ቢቆጥርብኝ፣ እሱን ባሰናብተው የደንበኛዬ መብት አይመለስም። ለፈተና የሚሆን ትርፍ ደንበኛ የለኝም።

የዘጌ ልጅ፦
ጋሼ ጥቁር ካባ ያልተናገሩትን እኔ ልጨምር፤ ከእርሳቸው ምክንያት ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ስለሆነ። አባቴ ዘጌ ላይ የቡና ገበሬ ነው። እኔ ማስረጃዬን በፌስታል ጠቅልዬ በጀልባ ስመጣ በዚህ ከተማ አንድ ጠበቃ የሚያውቅ ዘመድ አልነበረኝም። 3.58 የሚለውን ግን ያየው ሁሉ አነበበው። የተቀጠርኩት በዚያ ነው።

ስለዚህ «ነጥቡን አንሱልን» ስትሉ በቦታው ምን እንደምታስቀምጡ ንገሩኝ። ባዶ አይቀርም። «የእገሌ ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው» ይቀመጥበታል። እኔ ከማንም ስልክ ይልቅ የመምህር ቀይ እስክሪብቶ ይሻለኛል።

አባይ ማዶ፦
እውነት ነው። ስድስቱ ጸሐፊዎች ደንገልን ሲመልሱ፣ በጓሮ በር የገባ ሰው አልነበረም ብሎ የሚምል አለ?

የዘጌ ልጅ፦
አለመኖሩን አልምልም። አሁንም በጓሮ የሚገባ ካለ፣ የፊቱን በር ብታነሱት ምን ይመጣል ነው የምለው።

ደንገል፦
እህቴ፣ ይህ ያልጠበቅሁት መከራከሪያ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርሁ። የዘመድ ነገር እኔንም ያስፈራኛል፤ እኔም ዘመድ የለኝም። ግን 2.41 ስለ እኔ ምን ይናገራል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሌሊት ሌሊት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራ ነበር፤ ነጥቤ ከ2.00 ፈቅ አላለም ነበር። በመጨረሻው ዓመት 3.2 አመጣሁ። ሁለቱ ሲደመሩ አማካይ የሚባል ሦስተኛ ሰው ወጣ፤ እሱን እኔ አላውቀውም። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ያህል ነው፣ ጥልቁ ቦታ 14 ይደርሳል። ታንኳ ቀዛፊ በአማካዩ ተማምኖ አይቀዝፍም።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
ስለ ታንኳው አላውቅም፤ ስለ ክስ ማመልከቻ ግን ላውራ። በመዝገብ ቤት መስኮት 11 ዓመት ተቀምጫለሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ቁጥር 33 ከሳሽ በጉዳዩ ላይ ጥቅም ያለው መሆን አለበት ይላል። ይህን የማያውቅ ተመራቂ የለም፤ ለፈተና ሁሉም ሸምድዶታል። ነገር ግን በማዕረግ የተመረቀ ጠበቃ አራት ገጽ ሙሉ የደንበኛውን ምሬት ጽፎ፣ ዳኝነት የሚጠይቅበትን መስመር ረስቶ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዣንጥላ ዘርግቶ የሚጽፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ደግሞ ጥርት አድርጎ ጽፎ ያመጣል።

ላለመዋሸት፣ ነጥባቸው ዝቅ ያለና ጽሑፋቸውም የማይረባ ከእነዚህ ይበዛሉ። ደንገል ከየትኞቹ እንደሆነ ግን ነጥቡን በማየት አላውቅም፤ ጽሑፉን ባይ በሁለት ደቂቃ አውቀው ነበር። በዋሸራ ቅኔ ቤት የኔታ ደቀ መዝሙሩን «ስንት አመጣህ?» አይሉም፤ «ቅኔህን ንገር» ነው የሚሉት።

አባይ ማዶ፦
የቅኔ ተማሪ ለምኖ ይበላል እንጂ ደመወዝ አይከፈለውም። የኔታም ቢሆኑ ደመወዝ ክፈሉ ቢባሉ ነጥብ ይጠይቁ ነበር።

ነገረ ፈጅ፦
ክርክሩ እንዳይሰፋ አንድ ነገር ልለይ። እኔ የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት በማስታወቂያው ላይ የነጥብ ወለል ከጻፈ አልቋል፤ ቅጥር ክፍሉ ላዘነለት ሰው ሊያጎነብሰው አይችልም። ስለዚህ እዚያ ደጅ አትድከም። ልትከራከርበት የምትችለው የግል ጠበቃ ቢሮን ነው፤ የሚወስነው አንድ ሰው ነውና። ሌላው፣ ነጥብህን አትቀይር። 2.41ን 2.91 አድርጎ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል፤ ዋናው ማስረጃ ሲታይ የሆነውን አልነግራችሁም፤ የሕግ ሰዎች ናችሁ።

ጥቁር ካባ፦
ሬጅስትራሩ የነካው ነገር አሳስቦኝ ያንን የክረምቱን ክምር እንደገና አገላብጬ አየሁት። ከ83ቱ ሰባ የሚሆኑት ደብዳቤዎች «ታታሪ፣ ትጉህና በቡድን መሥራት የምችል» ብለው ይጀምራሉ። ሦስት ነጥብ ስምንት ያለውም፣ ሁለት ነጥብ ሁለት ያለውም ያው ነው። እንዲህ ከሆነ ከቁጥሩ ሌላ ምን ላንብብ? ጥፋቱን ሁሉ በእኛ አታድርጉት።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። ነጥቡ 2.3 የሆነ ልጅ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይዞ መጣ። ግልጽ ችሎት ገብቶ የቤት ሽያጭ ክርክር ሲሰማ ውሏል። ውሉ በምስክሮች ፊት ተፈርሟል፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ግን አልተመዘገበም። ልጁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን ይዞ ተነስቶ፣ ሰበር ሰሚ ችሎት በዚህ ጉዳይ የሰጣቸውን የተለያዩ ውሳኔዎች ለከሳሽ የሚረዱትን በአንድ ወገን፣ ለተከሳሽ የሚረዱትን በሌላ ወገን አስቀመጠ። መጨረሻ ላይ «እኔ የተከሳሽ ጠበቃ ብሆን ውሉን በግልጽ እክድ ወይስ አልክድ የሚለውን አስቀድሜ እወስን ነበር» ይላል። ጸሐፊዬ ነጥቡን አይታ ልትመልሰው ስትል ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልሁ። ያን ዕለት ቡና ጋብዤ አነጋገርሁት።

አልቀጠርሁትም። ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ስለሚታገድበት የጊዜ ገደብ፣ ስጠይቀው ተደናበረ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 የሚለውን አሥር ዓመት እንኳ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር አላወቀም። ግን ለሌላ ባልደረባዬ ጠቆምሁት፤ አሁን እዚያ ይሠራል፣ ይርጋም መቁጠር ተምሯል ይባላል።

የዘጌ ልጅ፦
ጋሼ፣ እንግዲያው ይህን ሥርዓት ያድርጉት። አንድ ጉዳይ በአንድ አንቀጽ ጽፈው ከማስታወቂያው ጋር ይለጥፉ። ሁሉም ሁለት ገጽ መልስ ያምጣ። ጸሐፊዋ ስሙን ትሸፍን፣ ነጥቡንም ትሸፍን። ያኔ የእገሌ ልጅ የሚባለውም አይታወቅም፣ 3.58ም አይታወቅም። እኔ ያኔም እንደምገባ አምናለሁ።

ጥቁር ካባ፦
83 ጽሑፍ ማን ያነብልኛል?

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
ለአንዱ ሦስት ደቂቃ። አራት ሰዓት ከምናምን ይሆናል። ከ27 ሰዓቱ ይሻላል። ጉዳዩን ጻፍ ስትለው ግማሹ ራሱ ይቀራል፤ ይህን ከልምድ አውቃለሁ።

አባይ ማዶ፦
ግማሹ ደግሞ ለማመልከቻ ጸሐፊ ከፍሎ ያስጽፋል።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
ያስጽፍ። ቃለ መጠይቁ ላይ አፉ ይያዛል።

ደንገል፦
እሺ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ። ነጥቤን ደብዳቤው ላይ ራሴ ልጥቀሰው ወይስ እስኪጠይቁኝ ልጠብቅ?

ጥቁር ካባ፦
ጥቀሰው። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ታሪክ። ስለ ሆቴሉ ሌሊት ደብዳቤው ላይ አታልቅስብኝ፤ ከጠየቅሁህ ትነግረኛለህ።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
እኔ አልስማማም። የሥራ ማመልከቻ ምስክር ቃል አይደለም፤ ስለ ራስህ ጉድለት ሳትጠየቅ መጀመር ለምን? ጽሑፍህን ከፊት አድርግ፣ ማስረጃውን ከኋላ አያይዝ፣ ቁጥሩን እዚያ ያገኙታል።

የዘጌ ልጅ፦
የመጨረሻውን ዓመት 3.2 ግን ከደበቅህ ሞኝነት ነው።

ደንገል፦
እንዲህ ጻፍሁት፣ ተመልከቱልኝ፦

«የመመረቂያ ነጥቤ 2.41 ሲሆን የመጨረሻው ዓመት 3.2 ነው። በዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በነበርኩበት ጊዜ በበቂ ሁኔታ ልምድ ቀስሜአለሁ። በተለይም በቀለብ ጉዳዮች አምስት የክስ ማመልከቻዎችን በመምህር ክትትል አርቅቄአለሁ። የባለጉዳዮቹን ማንነት አውጥቼ አንዱን አያይዣለሁ።»

ጥቁር ካባ፦
«በበቂ ሁኔታ ልምድ ቀስሜአለሁ» የሚለውን አውጣው፤ በቂ መሆኑን የምፈርደው እኔ ነኝ። «በተለይም»ም ይውጣ። አምስቱ ማመልከቻዎች ይበቁሃል፤ ይህን እስከ ዛሬ ለስድስቱ ጸሐፊዎች ለምን እንዳልነገርህ ነው የማይገባኝ። የተቀረውን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ የዘጌ ልጅ እንዳለችው ስምህን ሸፍነህ።

የዘጌ ልጅ፦
ስሙስ ይሸፈን፤ ነጥቡን ግን አሁን ይህ ሁሉ ሰው አወቀው።