ኮዬ ፈጬ ነው የምንኖረው፤ ቪትዟን ሸጠን ፕራዶ እንግዛ?

ጥያቄ፦ የኮዬዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ መስማማት ስላቃተን ወደ እናንተ መጣሁ።

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ቤት ሠርተን ገብተናል። ሦስት ልጆች አሉን። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት እናደርስና እኔ ሳሪስ እወርዳለሁ፤ ባለቤቴ ሜክሲኮ ድረስ ይቀጥላል። ደርሶ መልሱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኪናችን 1000 ሲሲ ቪትዝ ናት፤ እስካሁን አላስቸገረችንም። ያስቸገረን ከአስፋልቱ እስከ ግቢያችን ያለው መንገድ ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ሲኖትራኮቹ በጎማቸው ይቆፍሩታል፣ መሐሉ ላይ ጉብታ ይቀራል፣ ቪትዟም ሆዷን እየመታች ታልፋለች። ዝናቡ ሲብስ አስፋልት ዳር ሰው ግቢ አቁመናት፣ ትንሿን ልጅ አዝለን፣ በቦት ጫማ እንገባለን።

ባለቤቴ "ቪትዟን እንሽጥ፣ ብድር እንጨምርና ያገለገለ ፕራዶ ገዝተን እንገላገል" ይላል። እኔን ነዳጁ ያስፈራኛል። ወንድሜ ደግሞ ኤሌክትሪክ ግዙ ባይ ነው። ለበዓል ቡታጅራ ወላጆቼ ጋ እንሄዳለን፤ ከዚያ ውጭ ከከተማ ብዙም አንወጣም። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጋራዥ ያደገ

እህቴ፣ ሒሳቡን በብር አትጀምሩት፤ በሊትር ጀምሩት። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ይለወጣል፤ መኪናው የሚጠጣው ሊትር ግን ያው ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ብትነዱ 1000 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ቪትዟ በዚህ መጨናነቅ ውስጥ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በወር 71 ሊትር ገደማ ትፈልጋለች። 2700 ሲሲ ቤንዚን ፕራዶ በዚያው መንገድ በሊትር 7 ቢሄድ 143 ሊትር ነው። እጥፍ ማለት ነው። ልዩነቱን በዛሬው የማደያ ዋጋ አባዢውና ለባለቤትሽ አሳዪው። ብድሩና ወለዱ ገና አልተነኩም።

ሌላም ነገር ልጨምር። "በሊትር ስንት ይሄዳል" የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። በሊትር 6 የሚሄድ መኪና ያለው ሰው 9 ወደሚሄድ ቢቀይር በ1000 ኪሎ ሜትር 56 ሊትር ይተርፈዋል። ከ14 ወደ 20 የቀየረ ሰው ግን የሚተርፈው 21 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከቪትዝ የበለጠ ነዳጅ ቆጣቢ ፍለጋ አትድከሙ። ለእናንተ ትልቁ ቁጠባ ወደ ትልቅ ሞተር አለመውጣት ነው።

ባለቤትሽም ቢሆን ያለ ምክንያት አይደለም የሚናገረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ከእናንተ ወደ መሐል ከተማ ደግሞ ዳገት ነው። አምስት ሰው የጫነች 1000 ሲሲ መኪና ትጨነቃለች። የግድ መቀየር ካማራችሁ 1300 ሲሲ ሆና ከመሬት ከፍ ያለች ፈልጉ። የድሮዋ ዳይሃትሱ ቴሪዮስ 1300 እና ፎር ዊል ያላት አለች። ከቪትዝ ትንሽ የበለጠ ነዳጅ ትበላለች፤ ፕራዶ ጋ ግን አትደርስም።

ከመሸጣችሁ በፊት ሞላዋንና ሾክ አብሶርበሯን አስፈትሹ። ሞላ ከደከመ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ሆዷን የሚያስመታት ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሞተሩ ሥር መከላከያ ላሜራ አሠሩላት። የጎማ አየር በየጊዜው አስለኩ። ባዶ ፖርቶመጋላ ካለባት አውርዱት፤ ነፋስ እየያዘ ነዳጅ ያስበላል።

መልስ፦ ባለ ሃይሉክስ፣ ሰንዳፋ

እኔ ትልቅ መኪና ነው የምነዳው፤ አላፍርበትም። እህል እጭናለሁ፣ ሲሚንቶ እጭናለሁ፣ ሰው ሲታመም ከገጠር አወጣለሁ። ናፍጣና ቱርቦ ስለሆነ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። ትልቅ መኪና ሁሉ ለታይታ ነው ሲባል ይከፋኛል። ልጆች ይዞ በሲኖትራክ መሐል በቪትዝ መሄድ የሚያስፈራው አባትም ልክ ነው።

ግን እህቴ፣ እናንተ ምንም አትጭኑም። ላልተጫነ ጭነት በየቀኑ ነዳጅ መክፈል ነው የሚሆንባችሁ። እኔ ራሴ ከተማ ለጉዳይ ብቻዬን ስገባ ሃይሉክሱን አቁሜ ሚኒባስ እይዛለሁ። ማቆሚያ ፍለጋው ብቻ ቀን ይበላል።

ፕራዶውን ከገዛችሁ ፎር ዊሉን ጭቃ ላይ አስገብታችሁ ሞክሩት። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ፎር ዊል የሚያስፈልግ ቀን አይገባም። ከሥር ተኝታችሁ ሻሲውን እዩ። ዝገትና ብየዳ ካለ ተዉት።

መልስ፦ እግረኛ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ

ስለ ደኅንነት የተባለው ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ከባድ መኪና ውስጡ ላለው ሰው ይጠቅማል። ውጭ ላለውስ? ኮፈኑ ከፍ ያለ መኪና ፊት ለፊቱ የቆመ ትንሽ ልጅ ለሹፌሩ አይታይም። እኛ ሰፈር የእግረኛ መንገድ የሌለው ብዙ ነው፤ ልጆች ከመኪና ጋር አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። ጠዋት ወረፋ ይዤ ስቆም ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና አንድ ሰው ብቻ ይዞ ያልፋል፤ ከኋላው ሌላው ይከተላል። አንድ አውቶብስ የሚያልፍበትን መንገድ ሁለት ሦስቱ ይዘጉታል። ይህ የግል ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ መቀበል አልችልም።

እህቴ፣ ባለቤትሽ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ የለውም? ከሌለ ሁለታችሁ ቪትዟን እስከ ሳሪስ ይዛችሁ፣ እሱ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ወይም በአውቶብስ ቢቀጥል በጣም የተጨናነቀው ክፍል ይቀርላችኋል።

መልስ፦ ባለ ሃይሉክስ፣ ሰንዳፋ

ስለ ልጆቹ ያልሽው እውነት ነው። ከግቢ ስወጣ ሁልጊዜ ወርጄ ዞሬ አያለሁ። ከፍ ያለ መኪና የሚገዛ ሁሉ ይህን ልማድ ያድርገው። ደግሞም ከፍ ያለ መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ ለመገልበጥ ይቀርባል። ያረጀው ፕራዶ የተሻለ ጠባቂ ነው ብላችሁ አትተማመኑ።

መልስ፦ ኤሌክትሪክ ነጂ፣ ለገጣፎ

የወንድምሽን ሐሳብ ላግዝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ፕራዶ ስትገዙ ቀድሞ አገር ውስጥ ከገቡት ነው የምትመርጡት። ቀድሞም ቢሆን ሕጉ ወደ ትንሽ ሞተር ነበር የሚገፋው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ እስከ 1300 ሲሲ በሆነ አዲስ መኪና ላይ 5 በመቶ ሲጥል ከ1800 ሲሲ በላይ በሆነው ላይ 100 በመቶ ጥሏል።

ኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትፈልጋለች ብለን እንያዝ። የእናንተ የቀን ጉዞ 7 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። በተራ ባለ 10 አምፒር ሶኬት ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው። ማታ ሰክታችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ዳገቱን የበላችውን ማታ ቁልቁል ስትመለሱ በከፊል ወደ ባትሪው ትመልሳለች፤ ነዳጅ መኪና ይህን አያውቅም። ማደያ ወረፋም የለም። መብራት የሚሄድባቸው ቀኖች ስላሉ ግን ባትሪውን እስከ መጨረሻው አታራግፉት።

የራሳችሁ ግቢ መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። ኮንዶሚኒየም ሆኖ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ጓደኛዬ የሚሰካበት አጥቶ ተቸግሯል። ኤሌክትሪሻን አስመጥታችሁ ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ገመድ፣ ብሬከርና ኧርዝ አስገቡ። በማከፋፈያ ገመድ እንዳትሞክሩት፤ ይቀልጣል። የቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲበዛ ከፍ እንደሚልም አስቡበት።

አሁን ወደ መንገዳችሁ። እዚህ ላይ ወንድምሽን አልደግፍም። ሆዷን የመታች ቪትዝ ቢብስ የዘይት መያዣዋ ይቀየራል። የኤሌክትሪክ መኪና ሆድ ባትሪው ነው። ያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳይሠራ ዝቅ ያለች ኤሌክትሪክ አትግዙ። ያገለገለች ካያችሁም በክሪክ አስነስታችሁ የባትሪውን ሽፋን ከሥር እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራች ከሆነች የቻርጅ መሰኪያዋ ጂቢቲ የሚባለው ስለሆነ ቻርጀሩ አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ቡታጅራ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያ አያሳስብም፤ ወላጆችሽ ቤት አድራችሁ ትሞላላችሁ።

መልስ፦ የሰፈር ኮሚቴ፣ አያት ጨፌ

ሁላችሁም ስለ መኪና አወራችሁ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳው አስፋልት ላይ ነው፤ ችግሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ለምን መንገዱን አትሠሩትም? እኛ ሰፈር እንደዚሁ ነበርን። አሁን ቪትዝም ባጃጅም ክረምት ከበጋ ይገባል።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰፈር ገንዘቡን ጭቃ ውስጥ ቀብሮታል። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ ገረጋንቲ ብቻ ብትደፉ በአንድ ክረምት ውጦት ይቀራል። መጀመሪያ ውኃው የሚሄድበትን እዩ። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና የት እንደሚተኛ ተመልከቱ። በሁለቱም ዳር ቦይ አስቆፍሩ፤ ቦዩ መጨረሻው ወንዝ ወይም የዋናው መንገድ ቱቦ ይሁን፤ ጎረቤት ግቢ አይሁን፤ ጠብ ያመጣል። ከዚያ የላዩን ጥቁር አፈር አስጠርጉ። እኛ በግሬደር አስጠርገን ነው። ቀጥሎ ድንጋይ፣ ከዚያ ገረጋንቲ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ። አንዴ ተከምሮ አንዴ አይጠቀጠቅም፤ ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ልል ሆኖ ይቀራል። መሐሉ ከዳሩ ከፍ ይበል፤ ውኃ ላዩ ላይ እንዳይተኛ።

ጊዜው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ መሬቱ ሲጠነክር። ወረዳውን ቀድማችሁ አሳውቁ፤ የውኃ ቱቦና የመብራት ገመድ የት እንዳለ ሳታውቁ አትቆፍሩ። መዋጮውን በእድሩ በኩል ብትሰበስቡ ሰው ያምናል። ቤት እየሠሩ ያሉትንም አስገቧቸው፤ ሲኖትራኩ የሚመጣው ለእነሱ ነው። እኛ መንገዱ እስኪጠነክር ከባድ መኪና በዝናብ ቀን እንዳይገባ ተስማምተን ነበር፤ ብዙው አከበረው።

መልስ፦ የኮዬዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሊትሩን ሒሳብ ለባለቤቴ አሳየሁት፤ ዝም ብሎ ሁለት ጊዜ ደመረው። ፕራዶው ለጊዜው ይቆይ ብለናል። የእድራችን ሰብሳቢ ጋ ስለ መንገዱ ልናነጋግር ነው። ቪትዟን ነገ ለሞላው ጋራዥ እወስዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ጎማውን ከፍ ባለ ቁጥር ብንቀይር አይጠቅምም? ጎሚስታው እንደዚያ መክሮኛል።

መልስ፦ ጋራዥ ያደገ

ትንሽ ይጠቅማል፤ ግን ልክ አለው። ጎማው መሪው ሲዞር ጭቃ መከላከያውን የሚነካ ከሆነ ተዉት፤ ፍጥነት መለኪያውም ያሳስታል፣ 1000 ሲሲዋም የባሰ ትከብዳለች። ሞላው ተቀይሮ ቁመቷን ለኩ፤ ከዚያ በኋላ አሁንም የምትመታ ከሆነ የጎማውን ነገር እንነጋገራለን። ላሜራውን ስታሠሪ የዘይት ማፍሰሻው ጋ ቀዳዳ እንዲተዉለት ንገሪያቸው፤ አለዚያ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መፍታት ነው።