ጁበይል ማንግሮቭ (አቡ ዳቢ)፦ በካያክ ለመግባት የትኛው ሰዓት ይሻላል?

የናዝሬቷ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከአገር ቤት የመጣችውን እናቴን ይዤ ጁበይል ደሴት ያለውን የማንግሮቭ (የባሕር ጨው ውሃ ላይ የሚበቅል ዛፍ) ደን ላሳያት አስቤያለሁ። ሁለታችንም ዋና አንችልም። ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ያስኬደናል? በስንት ሰዓት እንግባ?

ቀዛፊ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የባሕሩን ሙላት ሰንጠረዥ እዪ። ውሃው ሲጎድል ጠባቦቹ ቦዮች ጭቃ ብቻ ይሆናሉ። ውሃው ሞልቶ ከመጨረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ጭቃ ቢይዛችሁ እንኳ የሚጨምረው ውሃ ያነሣችኋል። እየጎደለ ሳለ ከያዛችሁ ግን እስኪሞላ መጠበቅ ሊመጣ ነው። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ባለፈው ሳምንት የሄደ ሰው የነገረሽ ሰዓት አይሠራም። ሰንጠረዡ 10፡00 ካለ ደግሞ በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት መሆኑን ልብ በዪ።

ዋና አለመቻል አያግድም፤ ላይፍ ጃኬቱ ግን ጠብቆ ይታሰር። ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ስትስቢው ጆሮ ድረስ ከመጣ ሰፊ ነውና አስቀይሪ። በሁለት ሰው ካያክ ጠንከር ያለው ከኋላ ይቀመጥ፣ የሚመራው እሱ ነው። የፊተኛውን ምት ተከትሎ ካልቀዘፈ መቅዘፊያዎቹ ይጋጫሉ።

ጨው ቅጠል፦
ጭቃ ከያዛችሁ ወርዳችሁ እንዳትገፉ! ጭቃው እግር ይውጣል፣ ነጠላ ጫማ ከሆነማ እዚያው ይቀራል። እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የወጡት ዘንጎች የዛፉ መተንፈሻ ሥሮች ናቸው፤ ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ ዛፉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው፣ ሲረገጡ ይሰበራሉ። የካያኩ ፊት ከያዘ ሁለታችሁም ወደ ኋላ ዘንበል ብላችሁ ወደ ኋላ ቅዘፉ፣ ይለቃል።

ቅጠሉን ሳትቀጥፊ ገልብጠሽ እዪው፤ ዛፉ ከባሕር ውሃ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ስለሚያስወጣ ነጭ ደቃቅ ጨው ታገኛለሽ። ይህን ለእናትሽ ሳታሳዪ እንዳትመለሺ። ፍላሚንጎ (እግረ ረጅሙ ሮዝማ ወፍ) ካጋጠማችሁ አንገታቸውን ቀና አድርገው አብረው መራመድ ሲጀምሩ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ መቅዘፍ አቁሙ። በዚህ አገር የበጋ ሙቀት (በሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ) ከጠዋቱ በቀር አይሞከርም።

የናዝሬቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ያስቸግራት ይሆን?

ቀዛፊ፦
እንግዲያው ለእሳቸው ካያክ ይቅር። መቀመጡ ሳይሆን መነሣቱ ነው የሚከብደው፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ስትነሺም ይወዛወዛል። እዚያው ፓርኩ ውስጥ ከዛፎቹ መሃል የሚያልፍ የእንጨት መሄጃ አለ፣ በእሱ ይሂዱ። ለእግር ከሆነ ሰዓቱን ገልብጪው፦ ሸርጣኖቹ ከጉድጓዳቸው ወጥተው የሚታዩት፣ ወፎቹም ጭቃው ላይ የሚለቅሙት ውሃው ሲጎድል ነው።