የቤተ መጻሕፍትና የአርካይቭ ሳይንስ ማስተርስ፦ ለታሪክ ተመራቂ ያዋጣል ወይ?

ታሪክ ወዳዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በታሪክ ነው። አሁን በቤተ መጻሕፍትና አርካይቭ ሳይንስ ማስተርስ ልጀምር እያሰብኩ ነው። ቤተሰቦቼ ግን "መጽሐፍ ለመደርደር ደግሞ ማስተርስ?" ብለው ይስቁብኛል። እውነት ለመናገር የሚያጠግብ መልስ የለኝም። ክፍል ውስጥ ምንድን ነው የምትማሩት? ላይብረሪ ወይስ አርካይቭ ብዬ ከወዲሁ መቁረጥ አለብኝ? ኮድ መጻፍም አልችልም። ያለኝ ነገር የንባብ ፍቅር ነው። የተማራችሁ ወይም የምትሠሩበት ካላችሁ እስቲ ምከሩኝ።

መዝገብ ቤት ነዋሪ፦
እህቴ፣ እኔ አርካይቪስት (የቤተ መዛግብት ባለሙያ) ነኝ። ስለዚህ ለአርካይቭ ማዳላቴ አይቀርም፤ ይህን እያወቅሽ አንብቢው።

በቅድሚያ የንባቡን ነገር እንጨርስ። "ማንበብ እወዳለሁ" ማመልከቻ ላይ ሁሉም የሚጽፈው ነው፣ ባትጽፊው ይሻልሻል። ሣጥን ሙሉ ደብዳቤ ይዘሽ አንድ በአንድ ማንበብ ከጀመርሽ ተራ የሚጠብቁት ሣጥኖች መቼም አይደርሳቸውም። ግሪንና ማይስነር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2005 ባወጡት ጽሑፍ ሙያውን ያነጋገሩት በዚሁ ጉዳይ ነው። የእያንዳንዱን ወረቀት ማያያዣ ሽቦ ስትነቅሉ ከምትውሉ፣ ስብስቡን በጥቅሉ ግለጹና ቶሎ ለተመራማሪ ክፈቱ አሉ። የተስማማም የተቆጣም አለ። ክፍል ውስጥ ትከራከሩበታላችሁ።

ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ላይብረሪ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ሌላም ቦታ ይገኛል፣ አንዱ ካታሎግ ያደረገውን ሌላው ይወስደዋል። አርካይቭ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም። ትርጉሙም ያለው ከጎረቤቶቹ ጋር ነው።

ለምሳሌ የአንድ ሟች መሐንዲስ ወረቀቶች መጡልሽ እንበል። የሥራ ውል በያዘ ፋይል መሃል የልጁ የትምህርት ቤት ካርድ ተሰክቷል። አውጥተሽ "ቤተሰብ" የሚል ፎልደር ውስጥ ለመክተት እጅሽን ይበላሻል። ተዪው! ምናልባት የልጁን ክፍያ የከፈለው ከዚያ ውል ባገኘው ገንዘብ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። አንዴ ቦታውን ካስለቀቅሽው ግን የሚጠይቅም አይኖርም። የመጣበትን ቅደም ተከተል መጠበቅ የምንለው ይህ ነው። የአንዱን ባለቤት ወረቀት ከሌላው ጋር በርዕስ አለመቀላቀል ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ፈረንሳዮች በ1841 በመመሪያ ደንግገውታል።

ታሪክ ለተማረ ሰው የሚጣፍጠው ኮርስ ግን "ምን ይቀመጥ፣ ምን ይወገድ?" የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ጄንኪንሰን በ1922 አርካይቪስት ጠባቂ እንጂ መራጭ አይደለም ብሎ ነበር። አሜሪካዊው ሼለንበርግ በ1956 በዚህ ሁሉ የወረቀት ጎርፍ መሃል ሳይመርጡ መኖር አይቻልም አለ። እኔ ከሼለንበርግ ጋር ነኝ። ታሪክ ስትማሪ ያነበብሽው ሰነድ ሁሉ አንድ ሰው "ይቀመጥ" ስላለ የተረፈ ነው። ያንን ሰው መሆን ካላስፈራሽ ነይ።

ቼክሰም፦
ስለ ኮዱ በአጭሩ። ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅብሽም፣ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ስታዪ ግን መደንገጥ የለብሽም። የአርካይቭ መግለጫ ኢኤዲ በሚባል ስታንዳርድ ይጻፋል፣ እሱም ኤክስኤምኤል ነው፤ ጽሑፉን በምልክት እየከፋፈሉ ለኮምፒውተር የሚያስነብቡበት አጻጻፍ ማለት ነው። ትንሽ ሲለማመዱት ይለመዳል። ዲጂታል ፋይል ሲገባ ሻ-256 በሚባል ስሌት አሻራውን ትወስጃለሽ። ከዓመታት በኋላ ደግመሽ ታሰዪዋለሽ። ከፋይሉ አንዲት ቢት (ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) እንኳ ተቀይራ ከሆነ አሻራው አይመሳሰልም። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ብዙ ቦታ ይፈለጋል። ዛሬ የሚመጣልሽ ስጦታ ሣጥን ብቻ አይደለም፣ የይለፍ ቃሉ የጠፋ ላፕቶፕም ነው።

የመረጃ ዴስክ፦
ወንድሜ መዝገብ ቤት፣ ላይብረሪውን በአንድ አንቀጽ ቀበርከው 😄

እህቴ፣ አንድ ሰው መጥቶ "የሕግ መጽሐፍ አላችሁ?" ይልሻል። ወደ መደርደሪያው ብትመሪው አልረዳሽውም። ትንሽ ስታወሪው አከራዩ ውጣ ብሎት ስንት ቀን እንዳለው ማወቅ ነው የፈለገው። ይህን ሳያሸማቅቁ ማውጣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ ይለማመዱታል። ካታሎግ፣ ማርክ (ካታሎጉ በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ቅርጽ)፣ ዲዊ (መጻሕፍት በርዕስ የሚመደቡበት የቁጥር ሥርዓት) ሁሉም ከዚህ ኋላ ያሉ መሣሪያዎች ናቸው። ሰው ማናገር ካልሰለቸሽ ወደኛ ነይ፣ ከሣጥን ጋር ብቻሽን መዋል ከመረጥሽ ወደሱ ሂጂ። አሁኑኑ መቁረጥ የለብሽም፤ ብዙ ፕሮግራሞች መነሻ ኮርሶቹን በጋራ ነው የሚያስተምሩት። አሜሪካ ወይም ካናዳ ላይብረሪያን መሆን ካሰብሽ ግን ፕሮግራሙ በአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር እውቅና ያለው መሆኑን ሳታረጋግጪ አትመዝገቢ። ብዙ ቅጥር ላይ ይጠየቃል።

ታሪክ ወዳዷ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የካርዱ ነገር ልቤን ወስዶታል፣ አርካይቭ ሳይሆን አይቀርም። ፕሮግራሞቹን ሳነጋግር ምን ብዬ ልጠይቅ?

መዝገብ ቤት ነዋሪ፦
ተማሪው እውነተኛ ስብስብ በእጁ ያደራጃል ወይስ ስላይድ ብቻ ያያል በያቸው። ተግባር ልምምዱ የት ነው? ቦታውን እነሱ ያገናኙሻል ወይስ ራስሽ ነሽ የምትፈልጊው? ዲጂታል ጥበቃ ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ? ከቻልሽ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያገናኙሽ፣ ለብቻው አውሪው። እስከዚያ ደግሞ አቅራቢያሽ ያለ ቤተ መዛግብት በጎ ፈቃደኛ ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ። አቧራ አለርጂ ካለብሽም ከመመዝገብሽ በፊት ይታወቃል።