ጥቆማ፦ ካንሰር ላልሆኑ የልም አጥንት ዕጢዎች የትኛው ምርመራና ሕክምና ይመረጣል?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከጉልበቷ በላይ ጠንካራ እብጠት ወጥቶባት ራጅ ተነሣች፤ ሐኪሟም ከልም አጥንት የተነሣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ መሆኑን ነገሩን። ኤም.አር.አይ. መጨመር ያስፈልጋል ወይስ ራጁ ይበቃል? ናሙናስ ይወሰድ? የምታውቁ ብትጠቁሙኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ጥቆማ፦ ሥራዬ የአጥንት ምስሎችን ማንበብ ስለሆነ የማውቀውን ላካፍልዎ። የነገሩን ቦታና ዕድሜ ኦስቲዮኮንድሮማ ለሚባለው፣ ከአጥንት ላይ ወደ ውጭ ወጥቶ ጫፉ በልም አጥንት ለሚሸፈን ጉብታ የተለመደ ነው፤ ካንሰር ካልሆኑት የአጥንት ዕጢዎች መካከል በብዛት የሚታየውም እርሱ ነው። ለዚህ ዕጢ ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ራጅን ነው፤ የጉብታው ቅርፊትና በውስጡ ያለው መቅኔ ከዋናው አጥንት ቅርፊትና መቅኔ ጋር ሳይቋረጥ የተያያዘ መሆኑን ራጅ በግልጽ ካሳየ፣ ልጅዎንም ካላመማት፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ምስልም ሆነ ናሙና አያስፈልጋትም።

ራጅ የማያሳየው ጉብታውን የሚሸፍነውን ልም አጥንት ነው። እርሱን ለመለካት፣ እንዲሁም ነርቭ ወይም የደም ሥር ተጭኖ እንደሆነ ለማየት ኤም.አር.አይ. ተወዳዳሪ የለውም፤ ጨረርም የለውም። አልትራሳውንድ ለቆዳ ቅርብ በሆነ ጉብታ ላይ ሽፋኑን በደንብ ይለካል፤ በዳሌ ውስጥ ለተደበቀ ጉብታ ግን አልመክረውም። ሲቲ ስካን ጨረር ስላለው ለልጅ የመጀመሪያ ምርጫዬ ባይሆንም፣ እንደ ዳሌና ትከሻ ባሉ ቅርጻቸው በተወሳሰበ አጥንቶች ላይ ይጠቅማል። ሽፋኑ በአዋቂ ሰው ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ወደ ካንሰር መለወጡ ያጠራጥራል። በልጅ ላይ ግን ልም አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ውፍረቱ ብቻውን ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ወላጆች በዚህ ቁጥር ሲሸበሩ ስላየሁ ነው።

ቀዶ ሕክምና ከታሰበ፣ ሕመሙ ወይም ጫናው የማያስጠብቅ ካልሆነ በስተቀር፣ ዕድገቷ እስኪያበቃ መቆየት ይመረጣል፤ አጥንቱ የሚረዝምበት ክፍል ቅርብ ስለሆነ ሊጎዳ ይችላል፣ የልም አጥንቱ ሽፋንም በሙሉ ካልወጣ ዕጢው ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ዕድገት ካቆመ በኋላ ጉብታው እንደ አዲስ ቢያድግ ወይም ቢያማት ግን ሳይዘገዩ ያስመርምሯት።

ሌላ ጥቆማ፦ የእኔ ዕጢ በአጥንት ውስጥ የሚያድገው ኤንኮንድሮማ ነበር፤ የታወቀውም በቀላል ግጭት ጣቴ ተሰብሮ ራጅ ስነሣ ነው። ሐኪሞቼ ስብራቱ እስኪጠግን ጠብቀው ዕጢውን ፍቀው አወጡት፤ ክፍተቱንም ከዳሌዬ በወሰዱት አጥንት ሞሉት። ጣቴ በደንብ ድኗል፤ ነገር ግን ከጣቴ ይልቅ ለሳምንታት ያስቸገረኝ የዳሌዬ ቁስል ነበር። ስለዚህ በእጅ አጥንት ላይ ላለ ትንሽ ክፍተት ሳይሞላ መተው ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሞላል። ሌላው ክፍተት መሙያ የአጥንት ሲሚንቶ ግን ወዲያውኑ ክብደት ስለሚሸከም እንደ ጭን ላሉ ትላልቅ አጥንቶች ይመረጣል።

የመጀመሪያው መላሽ፦ ስለ ናሙና ላክልበት። ኤንኮንድሮማንና አዝጋሚውን የልም አጥንት ካንሰር በመርፌ በተወሰደ ትንሽ ናሙና ብቻ መለየት ናሙናን በአጉሊ መነጽር ለሚመረምሩት የፓቶሎጂ ሐኪሞችም አስቸጋሪ ነው፤ ሕመሙና የአጥንቱ ቅርፊት ከውስጥ ምን ያህል እንደተበላ ከናሙናው ጋር አብረው መታየት አለባቸው። ናሙና ካስፈለገ፣ በኋላ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ቡድን ራሱ እንዲወስደው እመክራለሁ፤ ዕጢው ካንሰር ሆኖ ከተገኘ መርፌው ያለፈበት መስመር አብሮ መውጣት አለበትና። ኮንድሮብላስቶማ ደግሞ ለብቻው ይታይ፤ በወጣቶች አጥንት ጫፍ ላይ፣ መገጣጠሚያው አጠገብ የሚወጣና የሚያም ዕጢ ስለሆነ በክትትል ብቻ አይተውም፣ ተፍቆ ይወጣል ወይም በተመረጡ ታካሚዎች በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ይቃጠላል።

ልጅዎ በሌላ አጥንቷም ጉብታ ካለባት፣ ወይም ከእናትና ከአባቷ አንዳችሁ ካለባችሁ፣ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። ብዙ ኦስቲዮኮንድሮማ የሚያስከትለውና አብዛኛውን ጊዜ በኢ.ኤክስ.ቲ. 1 ወይም በኢ.ኤክስ.ቲ. 2 ዘረ መል ለውጥ የሚመጣው ሕመም ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ስለሆነ፣ ክትትሉ ከአንድ ጉብታ ክትትል የተለየ ነው።