ጥቆማ፦ የሐዋሳ ሐይቅን ዳርቻና ጥልቀት ማን በደንብ ይለካልናል?

የሐይቅ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምንሠራ ትንሽ የወጣቶች ማኅበር ነን። ጥቁር ውሃ ወንዝ በሚገባበት በኩል ደለል ይከማቻል። በሌላ በኩል ውሃው መሬት እየበላ ነው። ከክረምት በፊትና በኋላ የዳርቻውን ከፍታ፣ ከውሃው በታች ደግሞ እስከ ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለውን ወለል ማስለካት እንፈልጋለን። ሰርቬየር (የመሬት ልኬት ባለሙያ) መቅጠር ይሻላል ወይስ ሶናር (በድምፅ ሞገድ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ) እና ጂፒኤስ ገዝቶ ራሳችን መልመድ? የምታውቁት ባለሙያ ወይም ሱቅ ካለ ጠቁሙን።

ዘንግ ያዥ፦ ለደረቁ መሬት አርቲኬ ጂፒኤስ (ቦታውን ከሌላ ጣቢያ በሚመጣ እርማት የሚያስተካክል ጂፒኤስ) ይበቃል። በትክክል ከተያዘ ስህተቱ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ዘንጉን ይዞ እስከ ወገብ ውሃ መግባትም ይቻላል፤ ግን ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለው ከወገብ በላይ የሚደርስ፣ ከቦቲው ጋር የተያያዘ የጎማ ሱሪ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ጀልባና ሶናር ነው። ማንንም ብትቀጥሩ መጀመሪያ ከዳርቻው ራቅ ያለ ቋሚ የኮንክሪት ቤንችማርክ (የከፍታ መነሻ ምልክት) አስተክሉ።

ማሬ፦ እኔ የደረሰብኝን ስሙ። ለመሬታችን ሰርቬየር አስመጣን። በሁለተኛው ዙር ሌላ ልጅ ላኩልን። የመጀመሪያው በአዲንዳን፣ ሁለተኛው በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ሠርቶት ኖሯል፤ ሁለቱ የተለያዩ የካርታ ልኬት መነሻዎች (ዳተም) ናቸው። ካርታዎቹን ስናነባብራቸው አጥሩ 200 ሜትር ገደማ ሄዷል! ከፍታውም አልገጠመም፤ አንዱ ከባሕር ጠለል፣ አንዱ ከጂፒኤሱ ኤሊፕሶይድ (ጂፒኤስ ምድርን የሚወክልበት የሒሳብ ቅርጽ) ነው የወሰደው። ገንዘባችንን መልሱ ብንል ስልክ ማንሳት አቆሙ።

ደብረ ዘይት፦ እኛም ጋ ልክ እንደዚህ ሆኗል። ውል ነበራችሁ?

ማሬ፦ ውል ነበረን። ግን የትኛው ዳተም እንደሆነ አልተጻፈበትም።

ጠበቃው፦ ያልተጻፈ ነገር ክርክር ያመጣል እህቴ። ክፍያውን በሁለት ዙር አድርጉት። ሁለተኛው ጥሬ ዳታው ከተሰጣችሁ በኋላ ይከፈል። ካርታ በፒዲኤፍ ብቻ አትቀበሉ።

ደብረ ዘይት፦ ካሳ መጠየቅ ይቻላል ወይ?

ኪሩቤል ድሮን፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ድሮን አስነሱና በአንድ ጠዋት ይጨረሳል። ለሠርግም ለግንባታም የሚሠራ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ።

ዘንግ ያዥ፦ ድሮን ለደረቁ አሸዋ ጥሩ ነው። ውሃ ውስጥ ያለውን ግን አያይም። ጥርት ባለ የባሕር ዳርቻ ከአውሮፕላን በአረንጓዴ ሌዘር ወለሉን ይለካሉ። የሐዋሳ ውሃ ደግሞ ድፍርስ ስለሆነ ብርሃኑ ብዙም አይዘልቅም። ድሮን ለማብረር ደግሞ የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል።

የቦሌ ደንበኛ፦ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ቦሌ ካለው የሰርቬይ ዕቃ ቤት ውጪ አትሞክሩ። ለዓመታት ደንበኛቸው ነኝ። ቶታል ስቴሽኔን (ማዕዘንና ርቀት መለኪያዬን) እነሱ ናቸው የሚጠግኑልኝ። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው።

የሐይቅ ልጅ፦ ሶናር ይሸጣሉ?

የቦሌ ደንበኛ፦ ሶናር አላየሁም። ግን ብትጠይቋቸው አያጡም። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ እንዳትሸወዱ።

ሰናይት፦ ወገኖቼ፣ ልጆቹ ስለ ሐይቅ ወለል ጠየቁ። እኛ ስለ ሠርግ ድሮን፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ቶታል ስቴሽን ጥገና መለስን። በዚህ አያያዛችን ደለሉ ሳይቀድመን አይቀርም።

አዳሬ፦ ልክ ነሽ ሰናይት። እኔ በዚህ ሥራ ስለቆየሁ ልርዳ። መሣሪያው ሁለተኛ ነገር ነው። ሐዋሳ በወንዝ የሚወጣ ውሃ የለውም፤ ከፍታው በዝናብና በትነት ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ የውሃውን ጠርዝ ብቻ ብትከታተሉ ትሳሳታላችሁ። ዳርቻው በ100 ሜትር አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድ ከሆነ ውሃው በ30 ሳንቲ ሜትር ሲጨምር ጠርዙ 30 ሜትር ይገባል። አንዲት እፍኝ አፈር ሳትሸረሸር ማለት ነው! መሬት ተበላ የሚያስብለው የወለሉ ከፍታ ከአንድ ቋሚ ነጥብ አንጻር ሲወርድ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በየዕለቱ መጀመሪያ የውሃውን ገጽ ከቤንችማርኩ ለኩ። ሶናሩ የሰጣችሁን ጥልቀት ከዚያ ቀንሱ፤ የሚቀረው የወለሉ ከፍታ ነው። ሶናሩ ከውሃው ገጽ በታች ስለሚሰቀል ከመቀነሳችሁ በፊት ያቺን ርቀት በጥልቀቱ ላይ መደመር አትርሱ። ከዳርቻው ወደ ውስጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች አውጡና በየዙሩ እነዚያኑ መስመሮች ድገሙ። ጠዋት ሥሩ፤ ከሰዓት ንፋሱ ማዕበል ያነሣል። ሣር ባለበት ሶናር የሣሩን ጫፍ ወለል አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል ምልክት በተደረገበት ገመድና ክብደት አረጋግጡ።

ለድሮው ታሪክ ደግሞ የላንድሳት ሳተላይት ምስል በነፃ አለ፤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው በ30 ሜትር ጥራት ነው፤ የምስሉ አንዲት ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር ስፋት ትይዛለች ማለት ነው። ከሐዋሳ አጠገብ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ወደ ረግረግ ሲለወጥ በዚያ ይታያል።

ማሬ፦ ምነው እኛ ጋ የመጣው ሰርቬየር አንተን በሆነ!

የሐይቅ ልጅ፦ አዳሬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጡት ትንንሽ ሶናሮች ይሆናሉ? ጀልባችን የእንጨት ናት።

አዳሬ፦ ጥልቀቱንና ቦታውን በፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ ለጥልቀቱ ይሆናል። የራሱ ጂፒኤስ ግን በሜትሮች ይሳሳታል፤ አርቲኬውን ከሶናሩ በላይ በአንድ ዘንግ እሰሩት። ሶናሩን ከሞተሩ አርቁት፤ አረፋው ያደናግረዋል። ለመጀመሪያው ዙር ሰርቬየር ቅጠሩና ሁለት ልጆቻችሁ አብረው ይልመዱ።

የቦሌ ደንበኛ፦ አርቲኬ እንኳ ቦሌ አለ። እዚያው ሂዱ።

አሞራ ገደል፦ ጥቁር ውሃ አካባቢ ጉማሬ አለ። ቦታውን የሚያውቅ ዓሣ አስጋሪ ሳትይዙ እንዳትገቡ።

ባቱ፦ ዝዋይም ይኸው ችግር አለብን። የሐይቅ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ማንን ያዛችሁ? ዋጋውንስ?