ኮታው ወደ 9 አደገ፤ ለዋልያዎቹ ለምን አልሰፋም?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ወገኖች፣ ለ2026 የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ቀጥታ ኮታ ከ5 ወደ 9 ሲያድግ እኛ ለምን አልቀረብንም? ደግሞስ ቡርኪና ፋሶ 21 ነጥብ ይዛ ስትቀር ናይጄሪያ በ17 ጥሎ ማለፉ ውስጥ የገባችው በምን ስሌት ነው?

መልስ 1፦ ከ9ኙ ምድቦች በቀጥታ የሚያልፈው የየምድቡ 1ኛ ብቻ ነበር፤ ከ2ኛዎቹ ደግሞ ምርጥ 4 ወደ ጥሎ ማለፍ። ኤርትራ ራሷን ስላገለለች አንዱ ምድብ በ5 ቡድን ቀረ። ለማመጣጠን በሌሎቹ ምድቦች ከ6ኛው ቡድን ጋር የተገኘው ውጤት ከስሌቱ ወጣ። ቡርኪና በምድቧ 6ኛ የሆነችውን ጅቡቲን ሁለቴ አሸንፋ ስለነበር 6 ነጥብ ተቀነሰባት። ናይጄሪያ በምድቧ 6ኛ ከሆነችው ዚምባብዌ ጋር ሁለቴ አቻ ስለወጣች የሄደባት 2 ብቻ ነው። ሁለቱም 15 ላይ ተገናኙ፤ ናይጄሪያ በግብ ልዩነት አለፈች። በጣም ያሳዝናል፤ ደካማውን በሰፊ ግብ መርታት ዋጋ አጣ።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ የኛው ጉዳይ ከስሌት በፊት ሜዳ ነው። ከ10 ጨዋታ 5ቱ የሜዳችን ናቸው፤ ግን መስፈርቱን የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን ግብፅን ያስተናገድነው ካዛብላንካ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ 2ለ0 ተረታን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ እንግዳ ቡድን ከ60 ደቂቃ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያን አሳልፈን ሰጠን። 1ኛ ብቻ በሚያልፍበት ምድብ ደግሞ በሜዳ የጣልከውን ነጥብ በውጭ አትመልሰውም።

መልስ 3፦ ትክክል። እኛም በ10 ጨዋታ 9 ነጥብ ነው የሰበሰብነው፤ ከጅቡቲ ጋር 1ለ1 መውጣታችንን አትርሱ። ቅድሚያ ስታዲየሙ!